ያረፈው ደንገል

ሰገነት ያላየችውን አትጽፍም። ይህ ጠባይዋ በቢሮዋ እንደ ምስጋናም እንደ ሽሙጥም ይነገርላት ነበር። ካርታ ሠሪው ዮፍታሔ፣ «ሰጊ ራሷ ካልበሰበሰች ዝናብ ዘነበ ብላ አትጽፍም» ይላታል፤ እሷም አትቀየመውም። ባሕር ዳር ተወልዳ፣ በውሃና በረግረግ ጥናት ተመርቃ፣ ካምፓላ በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት ያፈራችው ሀብት ቢኖር እሷ የፈረመችበትን ሪፖርት ማንም ደግሞ የማያጣራው መሆኑ ነው።

በፈረንጆች 2020 ማርች ላይ የተሰጣት ሥራ ከወትሮው የተለየ አልነበረም። ከካምፓላው ካንሳንጋ ሰፈር ቁልቁል ወደ ሐይቁ የሚወርደው የናሴንጎ ረግረግ ሊከለል ታስቧል። ሰው ሲጠቀምበት የኖረው ወገን «የጋራ መጠቀሚያ» ተብሎ ለነዋሪዎቹ ይተዋል፤ ሰው የማይደርስበት ወገን ደግሞ «ጥብቅ» ተብሎ ይዘጋል። የትኛው ወገን የትኛው እንደሆነ አጥንቶ የሚያቀርበው የሰገነት መሥሪያ ቤት ነው። እሷ በረግረጉ ዙሪያ አሥራ ሁለት የመመልከቻ ነጥቦችን መረጠች፤ ዘጠኙ በምዕራብ፣ ሦስቱ በምሥራቅ። በእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሰዓት ትቆማለች፤ የውሃውን ጥልቀት፣ የደንገሉን ቁመት፣ የወፎቹን ዓይነትና ብዛት፣ የሚገባውን የሚወጣውን ሰው ትመዘግባለች።

ሥራው ሊጀመር ሲል ሎክዳውኑ መጣ። ታክሲ ቆመ፤ ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ ሰው መጫን ተከለከለ፤ መንገዱ ባዶውን ቀረ። የሰገነት መኪና መስተዋት ላይ የተለጠፈው ፈቃድ ኬላውን ሁሉ ያሳልፋት ስለነበር በሰባት ሳምንት ውስጥ ሃያ ሁለት ጧት ወደ ናሴንጎ ወረደች። እንደዚያን ጊዜ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም። በአገሩ ባንዲራ ላይ ያለው ባለ ወርቃማ ቁንጮ ወፍ አንድ ቀን አሥራ ሰባት ሆኖ አርፎ አየች፤ ጻፈች። በምሥራቁ በኩል ጥቂት ሰዎች ጠባቂ አለመኖሩን አይተው ደንገሉን ከሥሩ እየመነገሉ ጎደሬና ሸንኮራ ሲተክሉ አየች፤ ቁጥራቸውን ጻፈች። በምዕራቡ በኩል ግን በሃያ ሁለቱም ቀን አንድም ሰው አላየችም። በሰው ዓምድ ሥር ዜሮ ጻፈች፤ ዜሮውም እስከ ቅጹ ግርጌ ወረደ።

አንድ ነገር ብቻ ግር ብሏት ነበር። በምዕራቡ ወገን አልፎ አልፎ የደንገሉ ጫፍ ሦስት አራት ሆኖ አንድ ላይ ተቋጥሯል። ነፋስ እንዲህ አይቋጥርም፤ ጎጆ ሠሪ ወፍም እንዲህ አይሠራም። ሰላሳ አንድ ቆጠረች፤ እያንዳንዱ ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ ያዘች፤ በማስታወሻው ዓምድ «ጫፉ ተቋጥሯል፤ ምክንያቱ አልታወቀም» ብላ አለፈች። መጠየቅ ትችል ነበር። ግን የመሥሪያ ቤቱ የወረርሽኝ መመሪያ ከነዋሪ ጋር መነጋገርን ይከለክላል። ደግሞም፣ ይህንን ለራሷ ያመነችው ዘግይታ ነው፣ ጣና ዳር ያደገች ሰው ስለ ደንገል ሰው ልጠይቅ አትልም። ደንገል ሲታጨድ፣ ሲደርቅ፣ ታንኳ ሲሆን እያየች ነው ያደገችው። ጣና ላይ የተቋጠረ ጫፍ አይታ አታውቅም፤ ስለዚህ ቋጠሮው ትርጉም ይኖረዋል ብላ አላሰበችም።

ሁለተኛው ዙር ጥናት፣ ነዋሪውን የማነጋገሩ ዙር፣ ለ2021 ጁን ተቀጥሮ ነበር። በዚያው ወር ከተማው ዳግመኛ ተዘጋ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ዓለምሰገድ የጥናቱ ጊዜ ማለቁን ነገሯት፤ ሪፖርቱ በአንድ ዙር ብቻ ወጣ። ሰገነት ጥናቱ በሎክዳውን ወቅት የተደረገ መሆኑን አርባ ሰባተኛው ገጽ ላይ አስገባች። በማጠቃለያው ላይ ግን የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ምዕራባዊው ወገን በነዋሪዎች ጥቅም ላይ ሲውል አልታየም።» እውነት ነው፤ አልታየም። ፈረመች።

*

በ2022 ፌብሩዋሪ፣ ከተማው ከተከፈተ ወር ሳይሞላው፣ ካንሳንጋ ወደሚገኘው የከፍያለው ምግብ ቤት ምሳ ልትበላ ገባች። ከፍያለው የመርካቶ ልጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል በሩን ዘግቶ ከርሞ አሁን በረንዳውን ዙሪያውን በአዲስ የደንገል ምንጣፍ ጋርዶታል። ሰገነት ምንጣፉን በጣቷ ዳበሰችው። የደረሰ፣ ወፍራም፣ ያልተቀጨ ደንገል ነው።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ምነው፣ ይሄንንም ልትመዘግቢው ነው?» አለ ከፍያለው ሽሮውን እያስቀመጠላት። «ናካቶ የምትባል አለች፤ እዚሁ ከታች ከረግረጉ ነው የምታመጣው። ግን ነገ ከማመጣው ወዲያ ጨርሰናል አለች። መጥተው ከለከሏቸው አሉ። ስንት ጊዜ ለምኜ ያገኘኋትን ሴት።»

ሰገነት እጇን ከምንጣፉ ላይ አነሳች። ከታች ካለው ረግረግ በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቀችው። ከፍያለው በአገጩ ወደ ምዕራብ አመለከታት።

ናካቶ በማግስቱ የቀረውን ምንጣፍ ስታመጣ ሰገነት እዚያው ጠበቀቻት። አርባዎቹን የተሻገረች፣ መዳፏ በደንገል የተሰነጣጠቀ ሴት ናት። የነገረቻትም ይህ ነው፤ ሰዎች መጥተው በምዕራቡ ዳር የሲሚንቶ ችካል ተከሉ፤ ከጁላይ አንድ ጀምሮ ገብቶ የተገኘ ይከሰሳል አሉ፤ ለምን ሲባሉ፣ ጥናት ተጠንቷል፣ ቦታው የማንም አይደለም አሉ። አርባ ሦስት ቤተሰብ ነው በዚያ ደንገል የሚተዳደረው።

«ጥናቱን ማን እንዳጠናው ብቻ ባወቅሁ» አለች ናካቶ።

ሰገነት፣ «እኔ ነኝ» አለች።

ናካቶ ተነሥታ ምንጣፎቿን ጠቀለለችና፣ «እንግዲያው ነይ፣ ኛቦ» አለቻት፤ በእነሱ አገር እመቤት እንደማለት ነው። «ጃጃ ይንገርሽ።»

*

ጃጃ አያት ማለት ነው። ጃጃ ሴንዳጊሬ የናካቶ አባት ቢሆኑም የደንገል ቆራጮቹ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል። በረግረጉ አፋፍ ላይ፣ በቆርቆሮ ቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው ያገኘቻቸው። በሉጋንዳ ይናገራሉ፤ ናካቶ በእንግሊዝኛ ትመልስላታለች።

ሽማግሌው አልተቆጧትም። እንደ ተማሪ አስቀምጠው አስረዷት። የምዕራቡ ደንገል ከአያታቸው ዘመን ጀምሮ በዘጠኝ ክፍል የተከፈለ ነው። አንዱ ክፍል ሲቆረጥ ሌሎቹ ያርፋሉ፤ የተቆረጠው ደርሶ ጫፉ እስኪንዘረፈፍ ድረስ ማንም አይነካውም። ክፍሉ ሲያርፍ ዳሩን ተከትለው የደንገሉን ጫፍ ይቋጥራሉ። ቋጠሮ ያለበት የሚያርፍ ነው፤ ቋጠሮውን የሚፈታው ያሰረው ሽማግሌ ብቻ ነው። ሎክዳውን ሲመጣ ምንጣፍ የሚገዛ ጠፋ። ጃጃ ቤተሰቦቹን በርቀት አቁመው፣ እግዜር እረፍት ካዘዘ እኛም ዘጠኙንም እናሳርፍ አሉ። ብቻቸውን ገብተው ሦስት ቀን ሙሉ ቋጠሩ። ሰው ፖሾ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ እንኳ ሲቸግረው ቆርጦ የሸጠ አልነበረም።

«ስንት ቋጠሮ ነበር?» አለች ሰገነት።

ሽማግሌው መቁጠር አላስፈለጋቸውም። «ሰላሳ አንድ።»

ቤቷ ስትገባ ሳትቀመጥ የ2020ን ደብተር አወጣች። ሰላሳ አንዱም አለ፤ ከነቦታው፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ። ሰው የለም ባለችበት ምድር ሁሉ የሰው እጅ ነበረበት፤ እሷም አይታዋለች፤ ለክታዋለች። ያላደረገችው ነገር መጠየቅ ብቻ ነው።

*

ዶክተር ዓለምሰገድ ደብተሩን ገጽ በገጽ አዩት። ሰገነትን ከቀጠሯት ጀምሮ እንደ ልጃቸው ነው የሚያይዋት፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

«ተሳስቻለሁ ነው የምትይው?»

«አልተሳሳትኩም ዶክተር። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ያየሁት ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም ነበር።»

«እሱ እኮ ነው ጭንቁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሕተት ቢሆን እርማት እንልካለን። አንቺ ግን ዛሬ ሌላ ነገር አላየሽም፤ ዛሬ ያደረግሽው ሰው ማነጋገር ነው። ነዋሪዎቹ ለመኗት፣ ሆዷ ራራ ይሉሻል። ከዚያ ወዲያ የትኛውን ሪፖርትሽን ያምኑልሻል?»

«አይመኑኝ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ስለ ክለላው አስተያየት የሚቀበሉበት ጊዜ ሊያልቅ ስድስት ቀን እንደቀረው ነግረዋት፣ ማሟያ ጽፋ እንድታመጣና እሳቸውም እንደሚፈርሙበት ቃል ገቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ዮፍታሔ ሰላሳ አንዱን ነጥብ ካርታ ላይ ጣላቸው። ጃጃ በእግራቸው ዞረው ያሳዩትን የዘጠኙን ክፍል ድንበር ደግሞ በሌላ ቀለም ለብቻው ሣለ። ሁለቱን ሲያነባብራቸው ነጥቦቹ ድንበሩ ላይ ተሰለፉ። አንድም ያፈነገጠ የለም። ዮፍታሔ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከትሎ፣ «ይሄን አይቶ እምቢ የሚል ሰው ካለ እኔ ካርታ መሥራቴን ትቼ መንገድ ዳር እንደሚሸጡት ልጆች ሮሌክስ፣ እንቁላል በቻፓቲ፣ እጠብሳለሁ» አለ።

ሰገነት ማሟያውን አሥራ አንድ ገጽ አድርጋ ጻፈችው። በሕይወቷ እንደዚያ ጠንቅቃ የጻፈችው ነገር የለም። ክለላውን የሚወስነው ኮሚቴ ተቀበለና ለመስማት ቀን ቆረጠ፤ ሽማግሌው ቀርበው እንዲናገሩም ፈቀደ። ናካቶ ያንን ስትሰማ ጃጃ ለሠርግ የሚለብሱትን ነጭ ካንዙ አጥባ ተኮሰች።

*

መሰሚያው ክፍል ጠባብ ነበር። አምስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ጭምብል አድርገዋል፤ አንዲት ጸሐፊ በኮምፒውተር ትከትባለች። ሰብሳቢው ትሑት ሰው ነው። ማሟያውን እንዳነበበው፣ ካርታውም ድንቅ እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ በዝግታ ደንቡን አስረዳ። ይዞታ የሚረጋገጠው በጥናቱ ወቅት በነበረ አጠቃቀም ነው፤ የአጠቃቀም ማስረጃ የሚባሉትም የታወቁ ናቸው፤ የሚቆርጥ ሰው፣ የተቆረጠ ግንድ፣ የታረሰ መሬት፣ የቆመ ጎጆ። ቋጠሮ ከእነዚህ መካከል የለም። ቢሆንም ሽማግሌውን እንጠይቃቸው አለ።

ጃጃ ሴንዳጊሬ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ተነሡ።

«በእነዚያ ሰባት ሳምንታት» አለ ሰብሳቢው፣ «በምዕራቡ በኩል ደንገል የቆረጠ ሰው ነበር?»

ሰገነት ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ በዚያች ቅጽበት ታያት። ከወንበሯ ብድግ አለች። ሰብሳቢው በእጁ፣ ተራሽ አይደለም የሚል ምልክት ሰጣት። ናካቶ ለመተርጎም አፏን ከፈተች፤ ጃጃ ግን ጥያቄው ገብቷቸው ኖሮ አልጠበቋትም። ወገባቸውን አቀኑ። በጭንቅ ጊዜ አርባ ሦስት ቤተሰብ ቃሉን ጠብቆ መቆየቱን ለመንግሥት ሰዎች የሚናገሩበት ቀን ይመጣል ብለው አስበው አያውቁም፤ አሁን መጣላቸው።

«አንድም ሰው» አሉ። «አንድም ዘንግ አልተነካም።»

ጸሐፊዋ ከተበች። ጃጃ እንድትጽፈው ቆመው ጠበቋት፤ ጽፋ ስትጨርስም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አመሰገኗት።

ሰገነት ለመናገር ፈቃድ ስታገኝ ያረፈ መሬት የተተወ መሬት አለመሆኑን አስረዳች፤ ገበሬም ማሳውን እንደሚያሳርፍ፣ ወፎቹ በዚያ የበዙት ሰዎቹ ስላሳረፉት መሆኑን ተናገረች። ሰብሳቢው እስክትጨርስ በጥሞና ሰማት። ከዚያ የራሷን ቅጽ ቅጂ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። ጣቱ ያረፈው «ምክንያቱ አልታወቀም» ከሚለው ላይ ነበር።

«በ2020 ያላወቅሽውን በ2020 ታውቂው ነበር ብዬ እንድጽፍ ትፈልጊያለሽ?»

አልፈልግም አለች።

ሲወጡ ጃጃ ደስ ብሏቸው ነበር። የሰጡት ቃል ራሱ ምዕራቡ ጥቅም ላይ አልዋለም ተብሎ እንደተያዘና ቦታው እንደሚዘጋ እስኪረዱ ድረስ ናካቶ ደጁ ላይ ባለው የድንጋይ መቀመጫ አስቀምጣ ሁለቴ መላልሳ ነገረቻቸው። ሲረዱ ለረጅም ጊዜ የካንዟቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩ። በኋላ ወደ ሰገነት ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ።

ናካቶ ለመተርጎም አመነታች። «የምሥራቆቹስ ይላል። ደንገሉን ነቅለው ጎደሬ የተከሉት።»

«ለእነሱ ተትቶላቸዋል» አለች ሰገነት። «ሲጠቀሙ ስላየኋቸው።»

«እንግዲያው እኛም መንቀል ነበረብን ወይ? ይልሻል።»

ሰገነት ለማንኛውም ጥያቄ፣ አላውቅም እንኳ ቢሆን፣ መልስ ትሰጥ ነበር። አሁን ግን ሽማግሌው መልሱን ከፊቷ እንዳያነቡት ዞር ማለት አሰኛት፤ ዞር ማለቱም ራሱ መልስ መሰላትና እንደቆመች ቀረች።

*

ከዚያ ወዲህ ያልሞከረችው የለም። ኮሚቴው ይግባኝ የሚሰማው አዲስ ጥናት ሲቀርብ ነው ተባለች፤ አዲስ ጥናት ለማድረግ ወደ ጥብቁ ክልል መግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ኮሚቴው ነው፤ የሚሰጠውም ክልሉ ሥራ ላይ በዋለ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዶክተር ዓለምሰገድ ሁለት ደብዳቤ ጻፉ፤ ለአንደኛው «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ከፍያለው ወሬውን ከዮፍታሔ ሰምቶ ኖሮ፣ እንደ ልማዱ ሊቀልድ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው እህቴ» አላት በለሆሳስ፤ ያልነካችውን ምሳ አነሣላት።

በጁን ወር የመጨረሻ ቀን ጧት ዶክተሩ ደወሉላት። ኮሚቴው ዘንድ ጥቆማ ደርሷል፤ ቆራጮቹ ሁሉ ምዕራቡ ውስጥ ገብተዋል፤ ቅርብ ያለሽው አንቺ ነሽና ሄደሽ ያየሽውን ጻፊ ተብሏል አሏት። ድምፃቸው የደከመ ነበር። «ነገ ነው የሚዘጋው። ዛሬ ወንጀል አይደለም» አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም፣ «ግን የጻፍሽው ለምን እንደሚውል ታውቂያለሽ» ብለው ዘጉ።

በቦዳ ወረደች። ገና ከአፋፉ ሳትደርስ ፓንጋ የሚሉት የገጀራ ድምፅ ይሰማ ነበር። አርባ ሦስቱም ቤተሰብ ገብቷል። በተራ አይደለም፤ በክፍል አይደለም። የደረሰውንም ለጋውንም፣ እንደ ጅራፍ የቀጠነውንም ያጭዱታል፤ ለምንጣፍ የማይሆን ቡቃያ ከደረሰው ጋር ተደባልቆ ይከመራል። ዘጠኙ ክፍል አንድ ሜዳ ሆኗል። ከወፎቹ አንድም አልነበረም።

ጃጃ ሴንዳጊሬ በቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ናካቶ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ሸክም ልታወርድ ስትመጣ ሰገነትን አይታ ሰላም አለቻት።

«እባክሽ ንገሪያቸው» አለች ሰገነት። «ለጋውን እንኳ ይተዉ። እንዲህ ከተቆረጠ መልሶ አያገግምም። እሳቸው ቢከለክሉ ይሰሟቸዋል።»

ናካቶ ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ቁጣም ልመናም በሌለው ድምፅ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ መለሱ።

«ሰባ ዓመት አትንኩ ስል የሰሙኝ ነገ ለእናንተ ነው ስላልኳቸው ነው ይልሻል። ዛሬ አትንኩ ብል፣ ነገ የማን ነው ልበላቸው?»

ሰገነት ወደ ረግረጉ ዞረች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሳችውም። ከጻፈችው፣ ይኸው አጥፊዎች ናቸው ይባልበታል፤ ካልጻፈችው ሌላ ሰው ይልካሉ፤ የሚላከውም ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው። ፀሐዩ ከፍ አለ። ቁልል ደንገሉ ከአፋፉ እስከ መንገዱ ተጋድሟል፤ እርጥቡ ሽታው ከጣና ዳር ሽታ ጋር አንድ ነው።

ከውሃው የወጣች፣ ስሟን የማታውቃት አንዲት ሴት ለምን ጉዳይ እንደመጣች እንኳ ሳትጠይቃት አጠገቧ ቆመች። እግሯ ሥር ያለውን የደንገል እስር አሳየቻት፤ ቀጥላ አሸክሚኝ እንደማለት አናቷን በእጇ ነካች። ሰገነት ጎንበስ ብላ በአንዱ ጫፍ ያዘችላት፤ ከብዷት እየተንገዳገደች አነሣችና አሸከመቻት። ሴትዮዋ ሸክሙን አስተካክላ ወደ መንገዱ ስትወጣ፣ ከኋላዋ ሌላዋ እስሯን ይዛ ቆማ ነበር።